ድሮኑ ለምን ሐይቅ ገባ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ሐዋሳ፣ በራሳቸው የሚወስኑ ድሮኖችን ደህንነት በሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ እሠራለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ አላሳፈራችሁኝም።

ጥያቄ፦ በራሱ ይወስናል ስትሉ ምኑን ነው የሚወስነው?

መልስ፦ ባትሪው እያለቀ ነው እንበል፤ ንፋሱ ከፊት ይመጣል። ልመለስ ወይስ እዚሁ ልረፍ? እሱን ነው። መብረሩማ ቀላል ነው። ችግሩ፣ ጂፒኤሱ በሜትሮች ይስታል፤ ንፋሱም ይለዋወጣል። ድሮኑ «እዚህ ነኝ» አይልም፤ «እዚህ አካባቢ ሳልሆን አልቀርም» ብሎ ነው የሚያሰላው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሐይቁ ውስጥ ድሮን ከተሃል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ማን ነገረሽ? አዎ፣ እውነት ነው። ከጀልባ ላይ አስነሳሁት። ድሮን የተነሳበትን ቦታ ቤቴ ብሎ ይይዛል፤ ከሪሞቱ ጋር ሲቆራረጥ ወደዚያው ይመለሳል። እኛ ግን በጀልባው ርቀን ሄደናል። እሱ ሆዬ በሥርዓት ተመልሶ ውሃው ላይ አረፈ! ማሽኑን ምን ልበለው? ቤት ይንቀሳቀሳል ብሎ የነገረው የለም። በነገራችን ላይ፣ ውሃ ላይ ዝቅ ብላችሁ አታብርሩ። ከሆዱ ሥር ያለው ካሜራ መሬት እያየ ነው ቦታውን የሚጠብቀው፤ ማዕበልና ነጸብራቅ ያሳስቱታል።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችስ?

መልስ፦ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ያልፋል። እዚያ አናበርም፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ሰው እያለ ለማሽን መተው አያስፈራም?

መልስ፦ ያስፈራል። ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን፣ ዩበርሊንገን ላይ የሆነውን እዩ። ሁለት አውሮፕላኖች ሊጋጩ ሲሉ አውሮፕላኖቹ ላይ ያለው ግጭት መከላከያ መሣሪያ አንዱን ውረድ፣ ሌላውን ውጣ አለ። የምድር ተቆጣጣሪው ደግሞ ውጣ የተባለውን ውረድ አለው። የዚህኛው አብራሪዎች ሰውየውን ሰሙ። ሁለቱም ወረዱ፤ 71 ሰው አለቀ። ማሽን ይሻላል እያልኩ አይደለም። ያ መሣሪያም አንዱ እንዳልታዘዘው እያየ ምክሩን አልቀየረም። ኤካስ ኤክስ የሚባለው አዲሱ ትውልድ «አብራሪው ባይታዘዝስ?» የሚለውንም በሒሳቡ ውስጥ ያስገባል። ለድሮን የተዘጋጀ ዓይነትም አለው። እኔ ከጀልባው ላይ ያጣሁት ይሄን «ባይሆንስ?» ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከውጭ ለእርሻዬ ድሮን ሊልክልኝ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሳይገዛው መጀመሪያ የኢንሳን (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን) ፈቃድ ይጠይቁ። ቦሌ ከደረሰ በኋላ ልመና ነው የሚሆነው።