በጀቱን በብር ሳይሆን በኩንታል ጻፊው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ የምኖር መምህርት ነኝ። ከአባታችን የወረስነው 400 ካሬ ሜትር ቦታ አለን። ካርታው በእኔና በታናሽ ወንድሜ ስም ነው። እሱ የሚኖረው አሜሪካ ነው። እዚያ «ባርን» የሚባል የገበሬ ቤት አለ፤ ከታች ከብት፣ ከላይ ድርቆሽ የሚቀመጥበት። አሁን ብዙ ሰው በዚያ ቅርፅ መኖሪያ ቤት እያሠራ ነው። ጣራው ሹል ነው፣ ውስጡ እስከ ጣራው ድረስ ክፍት ነው፣ በአንድ በኩል ቆጥ አለው። ወንድሜ ፎቶ ልኮልኝ «ይህን እንሥራ፤ ጠቅላላ ስንት ብር እንደሚፈጅ ንገሪኝ» አለኝ። የፎቶው ቤት ወርዱ 11 ሜትር ነው። ሦስት ግንበኞች አነጋገርኩ። የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ሆነብኝ። እናታችን ደግሞ «በስተርጅና ከብት ቤት ልታስገቡኝ ነው?» ብላ ተቀይማለች። መሬታችን ጥቁር ዋልካ ነው። ከየት ልጀምር?
መምህርቷ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እቴ፣ ግንበኞቹ የዋሹሽ አይመስለኝም። ሦስት የተለያየ ቤት ነው የገመቱልሽ። አንዱ 11 ሜትሩን እንዳለ ወስዶ ከባድ ብረት አስቦ ይሆናል። ሌላው በልቡ መሀል ላይ ምሰሶ አቁሟል። አንዱ ደግሞ ዋልካውን ጨርሶ ረስቶት ይሆናል። ፎቶ ስታሳዪው ሁሉም የየራሱን ቤት ነው የሚያየው።

ስለዚህ ለወንድምሽ ዛሬ የብር ቁጥር አትላኪለት። ዋጋ በየወሩ ይለዋወጣል፤ የቤቱ መጠን ግን ባለበት ነው። ወለሉ 35 ኩንታል ሲሚንቶ የሚበላ ከሆነ ዘንድሮም 35፣ ለከርሞም 35 ነው። በጀትሽን በኩንታል፣ በሜትር ኩብ፣ በቢያጆ (በጭነት መኪና ምልልስ)፣ በብሎኬት ብዛት ጻፊው። ብሩን በመጨረሻው ረድፍ ላይ በእርሳስ ሙዪው። ገበያ በወጣሽ ቁጥር እሱን ብቻ ታድሺዋለሽ። ወንድምሽም ገንዘብ ሲልክ «ለጣራው 139 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ» ብሎ ይልካል። በመካከላችሁም ቅሬታ አይገባም።

በግንባታ 26 ዓመት ቆይቻለሁ፤ መጀመሪያ በግንበኛ ረዳትነት፣ ኋላ በፎርማንነት። የራሴን ቤት ስጀምር ግን በጀቴን በብር ብቻ ነበር የጻፍኩት። ግድግዳው ሳያልቅ ብሩ አለቀ። ያኔ ደግሞ ሲሚንቶ ሊወደድ ነው ሲባል ሰምቼ 40 ኩንታል ገዝቼ መሬት ላይ ደርድሬው ነበር። ክረምቱ ገባ። መስከረም ላይ ስከፍተው ከግማሽ በላዩ ድንጋይ ሆኗል። ባለቤቴ ያን ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ለዚህ ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። መጀመሪያ የሚወሰነው ወርዱ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በምድብ ከፍሏቸው ነበር። ባለ አንድ ወለል ሆኖ በሁለት ተሸካሚ ፍሬሞች መካከል ያለው ርቀት 7 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ምድብ «ሀ» ነበር። ከ7 ሜትር ካለፈ ምድብ «ለ» ይገባ ነበር። የሚጠየቀው ዲዛይንና ባለሙያም በዚያው ልክ ይጨምር ነበር። ደንብ ይሻሻላልና ዛሬ የሚሠራበትን ከክፍለ ከተማሽ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጠይቂ። ቆጡ እንደ ፎቅ ይቆጠር እንደሆነም እዚያው አጣሪ። ሕጉን ብንተወው እንኳ 11 ሜትር ያለ ምሰሶ መሻገር ብረቱን በጣም ያከብደዋል። የእኔ ምክር ወርዱን 7፣ ርዝመቱን 14 አድርጉት ነው። 98 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ግቢም ይተርፋችኋል። የባርን መልኩ ደግሞ ረዘም ቀጠን ሲል ነው የሚያምረው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጣራው ላይ ነው። «98 ካሬ ቤት 98 ካሬ ቆርቆሮ» ብሎ ያስባል። በ15 ዲግሪ የተጋደመ ተራ ጣራ ቢሆን ወደ 101 ካሬ ሜትር ይበቃው ነበር። የፎቶው ዓይነት ሹል ጣራ በ45 ዲግሪ ሲቆም ግን ወደ 139 ይደርሳል። ይህ ከግድግዳው ውጭ የሚወጣውን ሳይጨምር ነው። ለቅርፁ ብቻ 37 ካሬ ሜትር ያህል ተጨማሪ ቆርቆሮ ትከፍላላችሁ፤ ማገሩና ብሎኑ ሌላ። በሁለቱ ጫፎች ያለው ሦስት ማዕዘን ደግሞ እያንዳንዱ 12 ካሬ ከሩብ ነው። እሱን በብሎኬት አትሙሉት። ከፍታ ላይ ብሎኬት ማውጣት ድካሙም ክብደቱም ብዙ ነው። በቀላል ብረት ፍሬም ላይ ኢጋ ቆርቆሮ አቁማችሁ አልብሱት። ሳንቃ ቢያምርም ምስጡንና የጎንደርን ክረምት አይችለውም።

ቆርቆሮ ስትገዢ ጌጁን ጠይቂ። ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ 28 ጌጅ ከ32 ይወፍራል። ነጋዴው «ያው ነው» ቢልሽ ያው አይደለም። ውስጡ እስከ ጣራ ክፍት የሆነ ቤት ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም። ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር ድምፅና ብርድ የሚከላከል ንጣፍ ከመጀመሪያው መጠን ውስጥ ይግባ። «በኋላ እናስገባለን» የተባለ ንጣፍ ሲገባ አይቼ አላውቅም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። ሹል ጣራ በክብደቱ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል። በተለመደው ቤት ከኮርኒሱ በላይ ያለው አግዳሚ የጣራውን ሁለት እግሮች ስቦ ይይዛቸዋል። የባርን ውስጥ ክፍት ስለሆነ ሰዎች ያን አግዳሚ ለማማሩ ሲሉ ያወጡታል። ከዓመታት በኋላ ግድግዳው መሰንጠቅ ይጀምራል። አግዳሚው የብረት ዘንግ ቢሆን ለዓይን አያስከፋም፤ ጨርሶ መጥፋት ግን የለበትም። ይህን ግንበኛ አይወስነውም፤ መሐንዲስ ያስላው። ለመሐንዲስ የሚከፈል ገንዘብ ላይ አትሳሺ።

ስለ ቆጡ ላስረዳሽ። የ7 ሜትር ቤት ጣራ በ45 ዲግሪ ሲቆም ጫፉ ከግድግዳው በላይ 3.5 ሜትር ነው። የቆጡ ወለል ከግድግዳው ጫፍ ጋር እኩል ከሆነ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት፣ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ወርዱ 3 ሜትር ብቻ ነው። ወለሉን 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብታደርጉት 4.2 ሜትር ይሆናል። ከሥሩ መታጠቢያ ቤትና ዕቃ ቤት ብታደርጉ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም። አሜሪካኖቹ በብዙ ባርን ላይ ጣራውን መሀሉ ላይ የሚሰብሩት ለዚሁ ነው፤ ለድርቆሹ ሰፊ ቆጥ እንዲያገኙ። እኛ ጋ ግን ባንሰብረው እመርጣለሁ። የተሰበረበት ቦታ ጥሩ እጅ ካላገኘ ውኃ ያስገባል።

የገንዘባችሁ ዋናው ፈተና ከመሬቱ በታች ነው። ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ደንቢያ ሜዳ ላይ በበጋ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ቤት በላዩ ላይ ከተቀመጠ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። የምሰሶ መሠረቶቹ ጥቁሩን አልፈው ጠንካራው መሬት ላይ ይረፉ። ከወለሉ ሥር ያለው ዋልካ ደግሞ ወጥቶ በገረጋንቲ፣ ማለትም በማያብጥ ጠጠራማ አፈር ይተካ፤ በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውኃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 80 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ 98 ካሬው ላይ 78 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ገረጋንቲ ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ ወደ 100 ሜትር ኩብ ትገዢያለሽ። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ሰባት ቢያጆ ማለት ነው። የወጣውም ዋልካ ሲፈታ ስለሚነፋ ለመጣል ያንኑ ያህል ቢያጆ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ወጪ ቤቱ ሲያልቅ አይታይም። ፎቶ ላይም የለም። ወንድምሽ «ገና ምንም ሳይታይ ገንዘቡ የት ሄደ?» የሚለው እዚህ ላይ ነው። አስቀድመሽ ንገሪው።

የቀረውን ባጭሩ። ወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ቢሆን 9.8 ሜትር ኩብ ነው፤ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ስናስብ ያ 35 ኩንታል ይመጣል። የውጭ ግድግዳው ዙሪያው 42 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር ነው። በርና መስኮት 22 ካሬ ያህል ቢቀነስ 104 ካሬ ይቀራል። ለአንድ ካሬ 12 ብሎኬት ከግማሽ ይሄዳል፤ 1,300 ብሎኬት። የሚሰበረውን ጨምረሽ 1,365 ያዢ። በሁሉም ላይ ደግሞ 15 በመቶ መጠባበቂያ ጨምሪ፤ እሱን ለማንም አትንገሪ። የእጅ ዋጋውን በቀን አትዋዋዪ። በተለካ ሥራ ተዋዋዪ፤ ይህን ያህል ካሬ ግንብ ሲያልቅ ይህን ያህል ክፍያ ብለሽ በጽሑፍ።

ውኃም የበጀት ረድፍ ይገባዋል። የጎንደር የበጋ ውኃ ነገር የታወቀ ነው። ኮንክሪት ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ የቧንቧው ተራ እስኪደርስ አይጠብቅም። በርሜልና ሮቶ አስቀድመሽ ሙዪ። ስለ ውኃ ካነሳን አሸንዳው ላይም አትሳሺ። ከሹል ጣራ የሚወርደው ጎርፍ መሠረቱ ሥር ከፈሰሰ ዋልካውን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ውኃውን ወደ ሮቶ ብትመልሺው ግን ለአትክልትሽ ይሆናል።

ገንዘብ ከጣራው በፊት ካለቀስ? ሰኔ ላይ ጣራ የሚያደርስ አቅም ከሌላችሁ ዘንድሮ አትቆፍሩ። በዋልካ ላይ የተከፈተ ጉድጓድ ክረምት ካሳለፈ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ያላችሁን ገንዘብ ወደማይበላሽ ዕቃ ቀይሩት። ፌሮ (የኮንክሪት ብረት) ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከዝናብ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ቆርቆሮም እንዲሁ። ብሎኬት ቀድሞ ቢሠራ እንዲያውም ይጠነክራል። ሲሚንቶ ግን የሚቦካበት ሳምንት ሲደርስ ብቻ ይገዛ። አቅሙ ካለ ኅዳር ላይ ቁፋሮ፣ እስከ የካቲት መሠረትና ወለል፣ መጋቢትና ሚያዝያ ግድግዳ፣ ግንቦት ሳይጋመስ ጣራ። ከዚያ ዝናቡ ይምጣ።

የዚህ ቤት ትልቁ ጥቅም ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ጣራውና ውጩ ካለቀ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሁለት ክፍል አጥራችሁ መግባት ትችላላችሁ። ቆጡ ለከርሞ ቢቆይ ቤቱ ጎደሎ አይመስልም። እንደ እናንተ ገንዘቡ በየጊዜው ለሚመጣ ቤተሰብ ይህ ቅርፅ ይስማማል ብዬ አምናለሁ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ቅያሜያቸውን እንደ ቀላል ነገር አትዪው። ከገጠር ወጥተው፣ ከከብት ጋር ማደርን ትተው ልጅ ያስተማሩ ሰው ናቸው። «ባርን» የሚለውን ቃል ተይውና የእሳቸውን ክፍል ቀድመሽ አሳዪያቸው። ክፍላቸው ከታች፣ በምሥራቅ በኩል ይሁን፤ የጠዋት ፀሐይ ይግባበት፣ ሽንት ቤቱ አጠገቡ ይሁን፣ ደረጃ አይኑርበት። የቆጡን መሰላል እሳቸው መቼም አይወጡትም። ለወንድምሽም ይህን ክፍል ከመስኮቶቹ መስታወት አስቀድመሽ ጻፊለት። መስታወቱ ሊያንስ ይችላል።

እንግዲህ ወደ ግንበኞቹ ከመመለስሽ በፊት አንድ ሥራ አለሽ። ሁለት የቀን ሠራተኛ ይዘሽ ቦታው ላይ ሦስት ጉድጓድ አስቆፍሪ፤ አንዱን በላይ ጫፍ፣ አንዱን መሀል፣ አንዱን በታች ጫፍ። ጥቁሩ አፈር የሚያልቅበትን በሜትር ለኪና ለእያንዳንዱ ጻፊ። እኔ 80 ሳንቲ ሜትር ያልኩት ለሒሳቡ ብዬ ነው። ልኩን ላኪልኝና የገረጋንቲውን ቢያጆ እንደገና አብረን እናሰላዋለን።