ቆሞ ቀር ወይስ ቆማ ቀር?

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ የምትኖር፣ በአንድ ፋርማሲ የምትሠራ፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ የምትገኝ ያላገባች ሴት ዋና ባለታሪክ የሆነችበት አስቂኝ ልብ ወለድ እየጻፍሁ ነው። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ ‹ቆሞ ቀር› ያልሁትን ሁሉ ‹ቆማ ቀር› ብሎ አረመው፤ ሴት ናትና። ትክክሉ የቱ ነው? ሰዎችስ ወይዘሪት ይበሏት ወይስ ወይዘሮ? ደግሞም አክስቷ በየገጹ ‹ቆሞ ቀር› ትላታለች፤ ሳነበው ግን እኔን ራሴን አያስቀኝም። ጥፋቱ የቃሉ ነው ወይስ የእኔ?»

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። ትክክሉ እርስዎ የጻፉት ነው፤ ቆሞ ቀር። ጓደኛዎን ያሳሳታቸው «ቆሞ» የሚለው የወንድ መምሰሉ ነው። ብቻውን ሲሆን በእርግጥም የወንድ ነው፤ እሱ ቆሞ፣ እሷ ቆማ፣ እኔ ቆሜ እያለ ይረባል። ከሌላ ጋር ተጣምሮ ስም ከሆነ በኋላ ግን መርባቱን ይተዋል። አርሶ አደርን ይመልከቱ። ከኩታበር እስከ ወረኢሉ ስንቷ ሴት ማሳ ላይ ትውላለች፤ «አርሳ አደር» ያላት ግን የለም፤ «ሴት አርሶ አደር» ነው የምትባለው። አርብቶ አደርና ሠርቶ አደርም እንደዚሁ ናቸው። ሴትነቷ የሚታየው ከቃሉ ኋላና ፊት ነው፤ «ቆሞ ቀሯ መጣች»፣ «ያቺ ቆሞ ቀር» እንላለን። ግሥ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ «ቆማ ቀረች» እንጂ «ቆሞ ቀረች» አይባልም። ጓደኛዎ ከግሡ የለመዱትን ወደ ስሙ ይዘውት ገብተዋል።

ታዲያ ከዚሁ ሰዋስው ውስጥ ለቀልድ ጸሐፊ የሚሆን ነገር ይገኛል። ባለታሪክዎ ስለራሷ ልትናገር ስትል ግሡ ግድ ይሆንባታል፤ «ቆሜ ቀረሁ»። ይህ ደግሞ ሁለት ፍቺ ያለው ነው። ከሥራ ወጥታ ፒያሳ ላይ ባጃጅ ያጣች ሴት ለጓደኛዋ ደውላ «ኧረ ዛሬስ ቆሜ ቀረሁ!» ብትል፣ እሷ የምትለው ሌላ፣ አጠገቧ የቆሙት የሚሰሙት ሌላ ነው። ሰሙ ባጃጅ፣ ወርቁ ባል። ከሰልፉ መካከል አንድ ጎልማሳ «እኔም» ካለማ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተገኘ ማለት ነው።

ሳልረሳው፣ «በሠላሳዎቹ አጋማሽ የምትገኝ» የሚለውን ቢተዉት ደስ ይለኛል። ከዜናና ከትርጉም ሥራ ለምደነዋል፤ የአገሬ ሰው ግን ዕድሜን እንዲህ አይቆጥርም። «ሠላሳን ዘለለች» ይላል፣ «ሠላሳን ከተሻገረች ሰነበተች» ይላል፣ ጨከን ካለ ደግሞ «አርባን እየተጠጋች ነው» ይላል። ባለታሪክዎን የሠላሳ አራት ዓመት ያድርጓትና ጎረቤቷ «አርባን እየተጠጋች እኮ ነው» ትበል። ስድስት ዓመት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲዘረፍ አንባቢ ሳይወድ ይስቃል።

ወደ ወይዘሪት ልለፍ። የዛሬው አጠቃቀም የታወቀ ነው፤ ያገባችው ወይዘሮ፣ ያላገባችው ወይዘሪት። ጥንት ግን ወይዘሮ የዘር መጠሪያ እንጂ የትዳር መጠሪያ አልነበረም፤ የነገሥታትና የመኳንንት ልጅ ከልጅነቷ ጀምራ ወይዘሮ ትባል ነበር። ደሴ ለሚኖር ሰው ምስክሩ ቅርብ ነው። የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው ስህን ሚካኤል የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ወይዘሮነታቸውን ከአባታቸው ቤት ይዘውት የወጡት እንጂ ባል የሰጣቸው አይደለም። ባለታሪክዎ እዚያ ትምህርት ቤት ተምራ ከሆነ፣ «ወይዘሮ ለመባል ባል ይጠይቃል ያለው ማን ነው?» ብላ ብትከራከር ታሪክ ከእሷ ጋር ይቆማል።

የሆነ ሆኖ ወይዘሪት የወረቀት ቃል ነው። ሰፈር ውስጥ ማንም «ወይዘሪት» ብሎ አይጣራም፤ በስሟ ይጠሯታል፣ ታናናሾቿ «እትዬ» ይሏታል። ስለዚህ ማዕረጉን ወረቀት ባለበት ቦታ ብቻ ያምጡት። የሠርግ መጥሪያ ካርድ አንዱ ነው። «ለአቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት» ተብሎ የታተመው ላይ የሙሽራው እናት በእስክሪብቶ አቶን ይሰርዛሉ፤ ወ/ሮ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆም ይላል፤ ከዚያ ወፈር ባለ መስመር ይሰርዙታል። ከሥሩ ደግሞ «ከነባለቤትዎ እንዲገኙልን» የሚል ታትሟል፤ እሱን መሰረዝ ተረስቷል። ይህ ካርድ ከአክስትዬዋ ስድብ ይልቅ ይሠራልዎታል። በነገራችን ላይ ከድሮ መጽሐፍ አንብበው «ጋለሞታ» የሚለውን ባል የሌላት ለማለት እንዳያስገቡት፤ ዛሬ ከስድብ በቀር ሌላ ትርጉም አይሰማበትም።

ስለ «ላጤ» አልጠየቁኝም፤ ግን መነሳት አለበት። ወንደላጤ ስንል አንድ ኑሮ ይታየናል፤ ያልታጠበ ብረት ድስት፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ሱሪ፣ ለሦስት ቀን የተቀቀለ ሩዝ። ሰውየው ምን እንዳጣ ሳይሆን እንዴት እንደሚኖር ነው የምናየው፤ ስለዚህም ቀልድ ይወጣለታል። ሴተ ላጤ የሚለውም ቃል አለ፤ ሆኖም ብዙ አልተኖረበትም፣ ሳቅ አልተከማቸበትም። ቆሞ ቀር ደግሞ ኑሮ የለውም። ቤቷን አያሳይም፣ ምን እንደምትበላ አይነግረንም፤ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌሎች ሄዱ፣ እሷ ቀረች። ቃሉ ሲደጋገም ያላሳቀዎት ለዚህ ይመስለኛል። መጀመሪያ ሲባል ይወጋል፤ አሥረኛው ላይ ድንጋይ ነው። ልብ ወለድዎ የዚህችን ሴት ኑሮ የሚያሳይ ከሆነ ሴተ ላጤን አንስተው ሕይወት ይዝሩበት፤ ከሱቅ ሁለት እንጀራ ብቻ ስትገዛ «ለስንት ሰው ነው?» መባሏን ይጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አክስትዬዋ። ጥፋቱ የቃሉም የእርስዎም ነው። ቆሞ ቀር በሩቅ ሆኖ የሚነገር ቃል ነው፤ «እሷማ ቆሞ ቀር ናት» ይባላል። ፊት ለፊት «አንቺ ቆሞ ቀር» የሚል ሰው ጠብ የጀመረ ሰው ነው። የምታፈቅር አክስት፣ በዚያ ላይ የወሎ አክስት፣ እንዲህ አትልም። እሷ ትመርቃለች። ወሎ ውስጥ ቡና ያለ ምርቃት አይነሳም፤ አቦል ላይ ምርቃት አለ፣ ቶና ላይ አለ፣ በረካ ላይማ ዋናው ነው። የባለታሪክዎ መከራ ያለው እዚያ ረከቦት ፊት ነው እንጂ ስድብ ውስጥ አይደለም።

የምርቃትን ሰዋስው ልብ ይበሉ። «መቼ ነው የምታገቢው?» ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ይመለሳል፣ ይሸሻል፣ «አንቱ ደግሞ!» ተብሎ በሳቅ ይታለፋል። «ወግ ማዕረግ ያሳይሽ» ግን ጥያቄ አይደለም። ባለቤቱ ፈጣሪ ነው፤ ተቀባይዋ «-ሽ» ነች፤ መራቂዋ ራሷ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለችም። እንግዲህ ልጅቷ ከማን ጋር ትከራከር? አክስትዬዋ ምንም አላሉም። «አይሆንም» ብትል ፈጣሪን እምቢ ማለቷ ነው። የተፈቀደላት መልስ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ አሜን። ሰው በገዛ አንደበቱ በራሱ ላይ እየፈረመ የሚቀመጥበት ከዚህ የባሰ ሥፍራ አላውቅም፤ ለቀልድ ደግሞ ከዚህ የተሻለ።

አክስትዬዋ ከግሸን ተመልሰዋል እንበል፤ ወሩ መስከረም ነው፣ የሃያ አንዱ ክብረ በዓል ገና ከልባቸው አልወጣም። እመቤታችንን ሲጠሩ ግሡም አብሮ ይለወጣል፤ ያሳይሽ የነበረው ታሳይሽ ይሆናል። እንዲህ ቢሆንስ?

«ቡናሽ ጣፈጠኝ። የግሸኗ እመቤት ወግ ማዕረግ ታሳይሽ።»
«አሜን።»
«ዓይንሽን በዓይንሽ ታሳይሽ።»
«አሜን።»
«ለከርሞ በዚህ ቤት ሕፃን ይሩጥበት።»
«አሜን።»
«አለበለዚያ እኔን አስቀድማ ትውሰደኝ።»
«አሜን።»

አራተኛው አሜን ከአፏ ያመለጣት ከልምድ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን እርስዎ ያውቁበታል። እኔ ላሳይዎት የፈለግሁት፣ ቆሞ ቀር የሚል ቃል አንድም ጊዜ ሳይነሳ ሁሉም ነገር እንደተባለ ነው። ዓይንሽን በዓይንሽ ማለት ልጅ ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ግርጌ ማስታወሻም እንዳይጽፉበት።

ሁለት ጥቃቅን ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ አክስትዬዋ ሲያናግሯት አንቺ ይበሏት፤ እሷ ግን አንቱ ትበላቸው። «እርስዎ» ስሕተት ባይሆንም ለእንዲህ ያለው ቤት አንቱ ይቀርባል፤ በተቆጣች ጊዜም እንኳ አንቱታው እንዳይቀር፤ «ኧረ አንቱ ተዉኝ!» ሲባል ንዴቱና አክብሮቱ አንድ ላይ መውጣታቸው ነው ደስ የሚለው። ሁለተኛ፣ ልጅቷ ተዳረች አይባል። ዳረ የወላጅ ግሥ ነው፤ የራሷ ደመወዝ ያላት፣ የራሷን ቤት ኪራይ የምትከፍል ሴት ታገባለች እንጂ አትዳርም። አባቷ ግን «ሳልድራት» እያሉ ቢቆጩ ያምርባቸዋል፤ እሳቸው አሁንም በቀድሞው ግሥ ውስጥ ናቸው።

የደሴ ቡና ደግሞ የአንድ ሃይማኖት ቡና ስላልሆነ፣ ግቢው ውስጥ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት መኖራቸው አይቀርም። እሳቸው «አብሽሪ፣ አላህ ኸይሩን ያምጣልሽ» ይላሉ፤ በአክስትዬዋ ምርቃት ላይም «አሚን» እያሉ ይደርባሉ። አክስትዬዋ በፈንታቸው ለጎረቤታቸው ምርቃት «አሜን» ይላሉ። ልጅቷ በሁለት በኩል ተከብባለች። እንግዲህ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሲገባ የአንዷን አሜን፣ የሌላዋን አሚን አይቶ «የፊደል ግድፈት ነው፣ አንድ ይሁን» የሚል አራሚ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ እንዳይስማሙ፤ ሁለቱም እንዳሉ ይታተሙ።