ዊንዶውስ 11 ሃርድ ዲስክ ይገድላል ወይ? ለኮምቦልቻው ወንድማችን

ከኮምቦልቻ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ አብሽር። ዲስኩ ባይተርፍ እንኳ ፋይልህ ሊተርፍ ይችላል። እሱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ጥያቄውን ላላያችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ በዊንዶውስ 10 ዓመታት ያለ ችግር ሠርቷል። ኦክቶበር 14፣ 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ስላበቃ ወደ 11 አስቀየረው። በአራተኛው ቀን ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። በማግስቱ ጭራሽ አልነሳ አለ። የጫነው ልጅ «እኔ የነካሁት ሶፍትዌር ነው» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ «ሳመጣልህ ደህና ነበር» ይላል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ 13 ዓመት አልፎኛል። ይቺን ክርክር ከሁለቱም ወገን ቆሜ አይቻታለሁ። ዊንዶውሱ ታሞ የቆየውን ዲስክ አጋለጠው እንጂ የገደለው አይመስለኝም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ገደማ አንድ የሐይቅ ከተማ መምህር ላፕቶፕ ይዘውልኝ መጡ። «ዘገምተኛ ሆኖብኛል፣ አዲስ ዊንዶውስ ጫንልኝ» አሉ። ጫንኩላቸው። ሲወስዱት ይበር ነበር። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና ዝም አሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የስንት ዓመት ፈተናና የልጃቸው ሠርግ ፎቶ ዲ ድራይቭ ላይ ነበር። ጆሮዬን ላፕቶፑ ላይ ለጠፍኩ፤ እንደ ተበላሸ የግድግዳ ሰዓት ቀጭ... ቀጭ... ይላል። አፈርኩ። አዲስ ዲስክ ከኪሴ ገዝቼ ገጠምኩላቸው።

በኋላ ቡና ስንጠጣ «አባባ፣ ወድቆ ያውቃል እንዴ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ከክረምቱ በፊት ባጃጅ ላይ ከጭናቸው መውደቁን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ የሠርጉ ፎልደር ሲከፈት «ቡና ተፈልቶ ይደርሳል» አሉ። ዘገምተኛ ሆነ ያሉት ለካ እሱን ነው። ዊንዶውሱ አርጅቶ ሳይሆን ዲስኩ እየሞተ ነበር። እኔ ደግሞ ሳላይ በላዩ ላይ ጫንኩበት።

ሐረጎን አስቡት። አሮጌ አይሱዙ ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ሲሽከረከር ይውላል፣ ማንም ምንም አይለውም። ጭነት ጭኖ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ራዲያተሩ ይፈላል። ራዲያተሩን የቀደደው ዳገቱ ነው? ቀዳዳው እታች እያለም ነበር።

ዲስክም እንደዚያው ነው። በየቀኑ የምትከፍተው ያንኑ ዎርድና ያንኑ ብሮውዘር ስለሆነ ዲስኩ የሚነካው የተወሰነ ቦታ ነው። ሌላው ወር፣ ዓመት ሳይነበብ ይቀመጣል። ባድ ሴክተር፣ ማለትም የተበላሸ የዲስክ ክፍል፣ እዚያ ቢኖር አታውቀውም። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ግን ብዙ ጊጋባይት በአንዴ ይጻፋል። ሲያልቅም አያርፍም። አፕዴት ያወርዳል፣ የዊንዶውሱ ጸረ ቫይረስ ዲፌንደር ፋይሉን ሁሉ ይፈትሻል፣ ለፍለጋ የሚሆን የፋይል ዝርዝር (ሰርች ኢንዴክስ) ይሠራል። ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 ፐርሰንት የሚሆነው ለዚህ ነው። አራተኛው ቀን ላይ መሞቱም ለዚህ ነው የማይገርመኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሲጫን የሚደረገው ፎርማት ፈጣኑ ነው፤ ዲስኩን ዳር እስከ ዳር አይፈትሽም። «ፎርማት ሲደረግ ምንም አላለም» ማለት ዲስኩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ታዲያ ሶፍትዌር በፍጹም ዲስክ አይጎዳም ማለቴ ነው? አይደለም። በፈረንጆቹ 2007 ላፕቶፓቸው ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም የጫኑ ሰዎች ዲስኩ በየጥቂት ሰከንዱ ሄዱን ወደ ማረፊያው እየመለሰ እንደገና ሲያወጣው አስተዋሉ። ሄድ የምንለው የሚያነበውን ጫፍ ነው። ይህን የሚያደርገው ባትሪ ለመቆጠብ ነው። ብዙ የላፕቶፕ ዲስኮች ይህን መመላለስ እንዲችሉ የሚሠሩት 300 ሺህ ወይም 600 ሺህ ጊዜ ነው። በደቂቃ አራት ጊዜ ካደረገው፣ በቀን 8 ሰዓት እየሠራህበት 300 ሺው በአምስት ወር ገደማ ያልቃል። ያኔም ጥፋቱ የኡቡንቱ ነው፣ የለም የፋብሪካው ሴቲንግ ነው ተብሎ ብዙ ተጨቃጭቀውበታል። በ2020 ደግሞ ዊንዶውስ 10፣ 2004 በሚባለው ቨርዥኑ፣ ዲስክ ኦፕቲማይዝ ያደረገበትን (ያስተካከለበትን) ጊዜ ይረሳ ነበር፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ኤስኤስዲውን (የማይሽከረከረውን የዲስክ ዓይነት) እንደገና ይነካካው ነበር። በዚያው ዓመት ታረመ።

በኦገስት 2025 «የዊንዶውስ 11 አፕዴት ኤስኤስዲ ያቃጥላል» የሚለው ወሬ እኛም ጋ ደርሶ ነበር። ማይክሮሶፍት ግንኙነት አላገኘሁም አለ። የኤስኤስዲ ኮንትሮለር፣ ማለትም ዲስኩን የሚመራውን ቺፕ፣ የሚሠራው ፋይሰን የተባለው ኩባንያ ደግሞ ከ4500 ሰዓት በላይ ሞክሬ ችግሩን መድገም አልቻልኩም አለ። ያንተ ደግሞ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስለሆነ ያ ወሬ አይመለከትህም።

እኛ አካባቢ ዲስክ ሲገድል ያየሁት መውደቅና መብራት ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ አፕዴት እየጫነ መብራት ይሄዳል። ይመጣል። ይሄዳል። የዲስኩ ሰሌዳ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይዞራል፤ ሄዱ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ በሚያንስ ክፍተት ከላዩ ይንሳፈፋል። መብራት ድንገት ሲቋረጥ ሄዱን ወደ ማረፊያው የሚጎትተው ከራሱ ከመዞሩ የተረፈው ጉልበት ነው። አንዴ ሁለቴ ይችለዋል። በየቀኑ ሲሆን ግን ያደክመዋል።

«የደሴ ከፍታ ነው የሚያበላሸው» የሚል ሰውም ገጥሞኛል። ሄዱ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ ሐሳቡ መሠረት አለው። ግን ብዙ ዲስኮች እስከ 3000 ሜትር ገደማ ይሠራሉ ተብለው ነው የሚወጡት፤ ደሴ ደግሞ ከዚያ በታች ናት። ከደሴ ከፍ ባለችው ጉጉፍቱ ላይ ላፕቶፕ ከፍቶ ለሚውል ሰው ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ደጋግመህ አታስነሳ። እያንዳንዱ ሙከራ ከዕድሜው ይቀንሳል። ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መፈተሻ አታሠራበት፤ እሱ ሙሉውን ዲስክ ስለሚያስለፋው የሚሞት ዲስክን ይጨርሰዋል። ፍሪዘር ውስጥ ክተተው የሚልህን አትስማ። አስፈትተህ በዩኤስቢ ኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ አሰካው። ከታየ መጀመሪያ የማይተካውን ቅዳ፣ ፊልሙ ይቅር። ጭራሽ ካልታየ ክዳኑን እንዳትከፍተው፣ ማንም እንዳይከፍተው። ትንሿ አቧራ ትበቃዋለች።

ከታየ ደግሞ፣ ፋይሉን ቀድተህ ስትጨርስ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤና ማሳያ ፕሮግራም ክፈት። ሰማያዊ ከሆነ ጥሩ፣ ቢጫ ከሆነ አስጊ፣ ቀይ ከሆነ አበቃለት። ሪአሎኬትድ ሴክተር (ተበላሽቶ በሌላ የተተካ ቦታ) እና ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር (ለማንበብ ያስቸገረ ቦታ) የሚሉትን መስመሮች እይ። ቁጥሩ በሄክስ፣ ማለትም በአሥር ሳይሆን በ16 በሚቆጠር አጻጻፍ፣ ነው የሚጻፈው፤ 10 ብሎ ካየህ 16 ማለት ነው። በዚህ ስንት ሰው ተሸውዷል። ሲአርሲ ኤረር (ዳታ ሲተላለፍ የሚፈጠር ስህተት) ብቻ ከፍ ካለ ግን ችግሩ ኬብሉ ሊሆን ስለሚችል ዲስክ ለመግዛት አትሩጥ።

ስለ ልጁ ከጠየቅከኝ፣ የመጫኛውን ብር ቢመልስልህ ደስ ይለኛል። ዲስኩን ግን አንተ ቻለው። ወንጀሉ ዲስኩን ሳያይ መጫኑ ነው፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። አሁን ደንበኛው ፊት ለፊት ሆኖ ክሪስታሉን እከፍታለሁ፣ ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አነሣለሁ። ቢጫ ከሆነ መጀመሪያ ፋይል እንቅዳ እላለሁ። ካልተስማማ አልጭንም። «ዝም ብለህ ጫን፣ እኔ ኃላፊ ነኝ» የሚለኝ አይጠፋም። ሲበላሽበት ግን ኃላፊው እኔ ነኝ።

አዲስ ስትገዛ ኤስኤስዲ ግዛ። ብሩ ካልበቃህ ትንሿን፣ 256 ጊጋውን። ባትሪህንም አስለውጥ።

መምህሩ ዛሬም ደንበኛዬ ናቸው። ፎቶዎቹ አልተገኙም፤ ከዘመድ ስልክ ላይ የተወሰኑትን ለቃቀሙ። ላፕቶፕ ይዘው ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ «ሰማያዊ ነው ቢጫ?» ይሉኛል።