ዳ ሲልቫ፣ ደ ሲልቫ፣ ዲሲልቫ፦ የትኛው የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የብራዚሉን ፕሬዚዳንት ስም አንዱ ጋዜጣ «ሉላ ዳ ሲልቫ»፣ ሌላው «ሉላ ዴሲልቫ» ብሎ ይጽፈዋል። የስሪላንካው የክሪኬት ተጫዋች ደግሞ «አራቪንዳ ደ ሲልቫ» ነው። ማንችስተር ሲቲ ውስጥም በአንድ ወቅት ሁለት ሲልቫዎች ነበሩ። እነዚህ ሁሉ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው? «ዳ» እና «ደ» የትርጉም ልዩነት አላቸው ወይስ የአጻጻፍ ዝርክርክነት ነው? የምሠራው ትርጉም ቤት ስለሆነ፣ ቅጽ ላይ «የአባት ስም» በሚለው ቦታ ምን እንደምሞላም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ዘመዳሞች አይደሉም። ስሙ ግን አንድ ነው፤ መነሻውም ፖርቱጋል ነው። በ«ዳ» እና በ«ደ» መካከል ያለው ልዩነት ስሙ የሄደበትን መንገድ ስለሚያሳይ፣ ሁለቱን እንዳሻን ማቀያየር የለብንም። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ እንጀምር። ሲልቫ በላቲን ደን ማለት ነው። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ይህን ቃል በየቀኑ ይጠሩታል፤ ፔንሲልቫኒያ ማለት «የፔን ደን» ነውና። የዛሬው ፖርቱጋልኛ ግን ደንን በሌላ ቃል ይጠራል። አሁን ሲልቫ የሚባለው እሾሃሙ፣ በአጥርና በገደል አፋፍ ላይ እየተጠላለፈ የሚያድገው፣ ሲበስል የሚጠቁር ፍሬ ያለው ሐረግ ነው። የእኛ የዱር እንጆሪ የዚሁ ተክል የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ለዛሬ ፖርቱጋላዊ ጆሮ «ሲልቫ» ከዋርካና ከዝግባ ይልቅ እጅ የሚቧጭር እሾህን ያስታውሳል።

ስሙ መጀመሪያ የሰው አልነበረም፤ የቦታ ነበር። በሰሜን ፖርቱጋል፣ በሚኞ አገር፣ ከስፔን ጠረፍ አጠገብ ባለችው በቫሌንሳ አካባቢና በባርሴሎስ ወረዳ ሲልቫ የሚባሉ መንደሮች ዛሬም አሉ። በመካከለኛው ዘመን በዚያ ግዛት የነበሩ መኳንንት በርስታቸው ስም ተጠሩ። ከመኳንንቱ ሌላ፣ ደን አጠገብ ወይም እሾህ በበዛበት መንደር የሚኖር ሁሉ እንዲሁ ሊባል ይችል ስለነበር ስሙ ከአንድ ምንጭ አልፈለቀም። የዝምድናው ጥያቄ እዚሁ ላይ ይዘጋል ማለት ነው፤ ገና ከፖርቱጋል ሳይወጣ ብዙ ሥር ነበረው።

«ዳ» የምትለዋ ቃል ሥራዋ በግእዝ «ዘ» እንደሚሠራው ነው። እኛ «ተክለ ሃይማኖት ዘደብረ ሊባኖስ» እንደምንለው እነሱም «የሲልቫው» ይላሉ። ፖርቱጋልኛ «የ» ለማለት «ዴ» አለው፤ ይህ ቃል የሴት መስተአምር (ስሙ የታወቀ መሆኑን የምታሳይ ቃል) «አ» ስትከተለው «ዳ»፣ የወንዱ «ኦ» ሲከተለው «ዶ»፣ በብዙ ቁጥር «ዳስ» እና «ዶስ» ይሆናል። ሲልቫ የሴት ስም ስለሆነ «ዳ ሲልቫ» ተባለ። የፔሌ የመዝገብ ስም መጨረሻ «ዶ ናሲሜንቶ» ሲሆን «የልደቱ» ማለት ነው፤ «ዶስ ሳንቶስ» ደግሞ «የቅዱሳኑ» ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በስሞች መካከል ብቻዋን የምትቆም «ኢ» አለች። ትርጉሟ «እና» ነው። ከጠቀሷቸው ሁለት የማንችስተር ሲቲ ሲልቫዎች አንዱ፣ የፖርቱጋላዊው የበርናርዶ ሲልቫ ሙሉ ስም «በርናርዶ ሞታ ቬይጋ ዴ ካርቫልዮ ኢ ሲልቫ» ነው፤ እዚህ ላይ «ኢ.» ብሎ ነጥብ አድርጎ እንደ ምህጻረ ቃል መጻፍ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን። ሊዝበን ላይ ስሙ ሲነገር ብትሰሙ «ደ ሲልቨ» ለማለት የቀረበ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ድምፅ ከእኛ ራብዕ ይልቅ ወደ ግዕዙ ያደላል። ብራዚል ደግሞ ከተነባቢ በፊት ያለው «ል» ወደ «ው» ስለሚለወጥ «ዳ ሲውቨ» ይላሉ። ድምፁን ልከተል ያለ ጸሐፊ እንግዲህ ለአንዱ ስም ሁለት አጻጻፍ ሊይዝ ነው። የእኔ ምክር በላቲን ፊደል ያለውን አጻጻፍ መከተል ነው፦ «ዳ ሲልቫ»፣ ሁለት ቃል፣ ያለ ጭረት። አማርኛ በዚህ ረገድ ቀድሞ ወስኗል፤ በትምህርት ቤት የተማርነው «ቫስኮ ዳ ጋማ» ነው። በ«በ» ቤት «ሲልባ» ብሎ መጻፍም አያስፈልግም፤ «ቪዛ» እና «ቫይረስ» ብለን የምንጽፍበት «ቨ» አለን። (ስፔኖች በርግጥ «ሲልባ» ይላሉ፤ ሆኖም አጻጻፋቸው በ«ቨ» ስለሆነ ለእነሱም «ሲልቫ» ይበቃል።)

«ሉላ ዴሲልቫ» የሚለው ግን ሁለት ስሕተት አለበት። አንደኛ፣ «ዳ» ወደ «ዴ» ተለውጧል። ሁለተኛ፣ ተገጥሟል። የሰውየው ስም ሉዊስ ኢናሲዮ ሉላ ዳ ሲልቫ ነው። «ሉላ» ከሉዊስ የወጣ የቁልምጫ ስም ሲሆን በ1982 በሕግ ከስማቸው ጋር ተጨምሯል፤ ስለዚህ «ፕሬዚዳንት ሉላ» ማለት ትክክል ነው፤ አገራቸውም የሚጠራቸው እንደዚያ ነው።

ብራዚል ውስጥ በብዛት የሚገኘው የቤተሰብ ስም ሲልቫ ነው፤ በ2022 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 34 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከስድስት አንዱ ገደማ፣ ይህን ስም ይዞ ተገኝቷል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ከሚኞ መንደሮች አልመጣም። ስሙን ይዘው የተሻገሩ ሰፋሪዎች ብዙ ነበሩ፤ ግን ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎችና የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሲጠመቁ የጌታቸውን፣ የክርስትና አባታቸውን ወይም እንዲሁ የተለመደውን ስም ይቀበሉ ነበር። የተለመደው ደግሞ ሲልቫ ነበር። በ1796 የሞተችው ሺካ ዳ ሲልቫ ከባሪያ እናት ተወልዳ በአልማዝ አገሩ በዲያማንቲና ነፃ የወጣችና የከበረች ሴት ነበረች፤ «ዳ ሲልቫ» ስለ ዘሯ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ባርነት በብራዚል የቀረው በ1888 ነው፤ እስከዚያው ድረስ ስሙ በዚህ መንገድ ሲባዛ ኖሯል።

ከዚሁ ሕዝብ ከፊሉ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተመልሷል፤ በተለይ በ1835 በብራዚሏ ባሂያ ሙስሊም ባሮች ካመፁ በኋላ ብዙዎች ተባረሩ ወይም ራሳቸው ሄዱ። ዛሬ ሌጎስ፣ ፖርቶ ኖቮና ዊዳ ውስጥ ዳ ሲልቫ፣ ደ ሱዛ፣ ዳልሜዳ የሚባሉ ቤተሰቦችን ብታገኙ ስሙ አትላንቲክን ሁለቴ ተሻግሮ የመጣ ነው። አንጎላ፣ ሞዛምቢክ፣ ኬፕ ቨርዴና ምሥራቅ ቲሞር ግን ስሙን በቀጥታ ከፖርቱጋል አስተዳደርና ከቤተ ክርስቲያን ወሰዱት።

ወደ «ደ ሲልቫ» ስንመጣ አገሩ ስሪላንካ ነው። ፖርቱጋሎች በ1505 ደርሰው የባሕር ዳርቻውን ይዘው ቆዩ፤ በ1658 ሆላንዶች ሙሉ በሙሉ አስወጧቸው። በዚያ ዘመን የተጠመቁ የአገሩ ሰዎች የቄሱን ወይም የክርስትና አባታቸውን ስም ወሰዱ። ፖርቱጋሎች ሲሄዱ ስሙ ቀረ፤ ወደ ቡድሃ እምነት የተመለሱት እንኳ አልተዉትም። ፔሬራ (ከፔሬይራ)፣ ፎንሴካ፣ ደ ዞይሳ (ከዴ ሶውዛ)፣ ደ አልዊስ (ከአልቬስ) ሁሉም በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ያለ መስተአምር የቆመው «ዴ» እዚያ የብዙ ስሞች መግቢያ ሆኖ ተስፋፋ። በሲንሃላ ፊደልም የሚጻፈው ከእኛ «ደ» ጋር በሚቀራረብ ድምፅ ነው። ስለዚህ ለስሪላንካዊ «ደ ሲልቫ» ብላችሁ ስትጽፉ ባለቤቱ የሚጠራውን ነው የጻፋችሁት።

በሕንድ፣ ፖርቱጋል ከ1510 እስከ 1961 በያዘችው በጎዋ፣ እንዲሁም በማንጋሎርና በሙምባይ ካቶሊኮች ዘንድ ያው ቃል ተጣብቆ «ዲሲልቫ» ሆኗል፤ «ዲሱዛ»ም እንደዚሁ። ዱባይ ወይም ኩዌት የሚሠሩ አንባቢዎቻችን የሥራ ባልደረባቸው ዲሲልቫ ቢባል ሰውየው ፖርቱጋላዊ ሳይሆን የጎዋ ወይም የማንጋሎር ሰው የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ይህኛው አንድ ቃል ስለሆነ አይነጠል።

በሰሜን አሜሪካ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ከፖርቱጋል ግዛት ከአዞሬስ ደሴቶች በዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከቦች ተቀጥረው ማሳቹሴትስ፣ ኒው ቤድፎርድ የወረዱት ሲልቫዎች «ዳ»ዋን ጣሉ፤ አንዳንዶቹም ስማቸው «ሲልቪያ» ተብሎ ተመዘገበ። ወደ ሃዋይ በ1878 ፕሪሲላ በተባለች መርከብ ከሌላዋ የፖርቱጋል ደሴት ከማዴይራ መጉረፍ የጀመሩት የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞችም ስሙን እዚያ አድርሰዋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ ነገር ስላለ እዚህ ላይ ላንሳው። «የዛፍና የተክል ስም ያለው ፖርቱጋላዊ ሁሉ ዘሩ አይሁዳዊ ነው» ይባላል። እውነት አይደለም። በ1497 በግድ የተጠመቁት አይሁድ ሲልቫንም ፔሬይራንም ወስደዋል፤ የወሰዱት ግን ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻቸው ከዚያ በፊት ይዘውት የነበረውን ስም ነው። በስሙ ብቻ ዘር መለየት አይቻልም።

ፖርቱጋሎች ወደ እኛም አገር መጥተዋል። በ1541 ምጽዋ የደረሰው 400 ያህል ወታደር የቫስኮ ልጅ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ የመራው ነበር፤ የተረፉትም ብዙዎቹ እዚሁ አግብተው ቀሩ። ከሲልቫም ከጋማም ግን በአገራችን የቤተሰብ ስም ሆኖ የቀረ የለም፤ ምክንያቱም ልጅ በአባቱ ስም እንጂ በቤት ስም ስለማይጠራ የውጭው ስም ከአንድና ከሁለት ትውልድ አያልፍም። በአማርኛ የቀረው የአገሩ ስም ነው፦ ዐረቦች ፍሬውን በፖርቱጋል ስም «ቡርቱቃል» አሉት፤ ከእነሱ የደረሰን ቃል «ብርቱካን» ነው።

ወደ ቅጹ እንመለስ፤ በትርጉም ቤት ብዙ ጉዳይ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የብራዚል ፓስፖርት ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ የመጠሪያ ስም፣ ሌላው የቤተሰብ ስም። ለምሳሌ መጠሪያው «ማሪያ አፓሬሲዳ»፣ የቤተሰቡ «ኦሊቬይራ ዳ ሲልቫ» ቢሆን፣ ብዙ ተርጓሚ «ማሪያ» ስም፣ «አፓሬሲዳ» የአባት፣ «ኦሊቬይራ» የአያት አድርጎ ይሞላና «ዳ ሲልቫ» ይወድቃል። አፓሬሲዳ ግን የራሷ ሁለተኛ መጠሪያ ነው። ኦሊቬይራ አብዛኛውን ጊዜ ከእናቷ በኩል፣ ዳ ሲልቫ ከአባቷ በኩል የመጣ የቤት ስም ነው፤ በመጠሪያ ስሙ ሲልቫ የሚባል አባት የላትም። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ከሌለው በስም ቦታ «ማሪያ አፓሬሲዳ»፣ በአባት ስም ቦታ «ኦሊቬይራ ዳ ሲልቫ (የቤተሰብ ስም)» ብለው ጽፈው የአያቱን በሰረዝ ይዝጉት።

ለስፔኖች ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ሁለተኛው የማንችስተር ሲቲ ሲልቫ፣ ስፔናዊው ዴቪድ ሲልቫ፣ ሙሉ ስሙ ዳቪድ ሆሱዌ ሂሜኔስ ሲልቫ ነው፤ ሂሜኔስ የአባቱ፣ ሲልቫ የእናቱ ነው። ለስሪላንካዊ ደግሞ የቤት ስም ከፊት ሊመጣ ይችላል። የክሪኬቱ ሰው «ፒናዱዋጌ አራቪንዳ ደ ሲልቫ» ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ጌ» በሲንሃላ «የ... ቤት» ማለት ስለሆነ «ፒናዱዋጌ» መጠሪያ ስሙ አይደለም። ከሲልቫ በኋላ «ፊልዮ»፣ «ኔቶ» ወይም «ሶብሪንዮ» ብታገኙም የቤተሰብ ስም እንዳይመስላችሁ፤ በተራ «ልጅ»፣ «የልጅ ልጅ» እና «የወንድም ወይም የእኅት ልጅ» ማለት ሲሆን ተመሳሳይ ስም ያላቸውን የቤተሰብ አባላት ይለያሉ። አይተርጎሙም፣ አይጣሉምም።

ሰነዱ ከአማርኛ ወደ ላቲን ፊደል ሲመለስ «ዳ» በኤ (a)፣ «ደ» እና «ዴ» በኢ (e) መጻፋቸውን ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያዩ። በድምፅ ብቻ ከተመለሰ አንዲት ፊደል ትለወጥና ሰውየው በኬላ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል።

መስተዋድድ ሲጨመር «ዳ» ላይ ይገባል፦ የዳ ሲልቫ፣ ለዳ ሲልቫ፣ ከዳ ሲልቫ፤ «ዳ የሲልቫ» አይባልም። በስም ማውጫ ውስጥ የፖርቱጋሉና የብራዚሉ በ«ሰ» ረድፍ «ሲልቫ፣ ማሪያ አፓሬሲዳ ኦሊቬይራ ዳ» ተብሎ ይገባል፤ ዲሲልቫ በ«ደ» ረድፍ። ሁለተኛ ጊዜ ስትጠቅሱ ፖርቱጋሎች ራሳቸው «ዳ»ን ጥለው «ሲልቫ» ስለሚሉ እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ቫስኮን ግን «ዳ ጋማ» ብላችሁ ብትጨርሱት ይሻላል፤ «ጋማ» ብቻውን ሲቆም አማርኛ አንባቢ የፈረስ ጋማ ነው የሚያየው። ኮምፒዩተር ላይ ስትጽፉም በ«ዳ» እና በ«ሲልቫ» መካከል የማይሰበረውን ክፍተት ተጠቀሙ፤ አለዚያ «ዳ» በመስመሩ ጫፍ ብቻዋን ትቀርና አንባቢው የተቆረጠ ቃል ትመስለዋለች።