የጣት ደም ሥሮች በአልትራሳውንድ ሲታዩ

ጥያቄ፦ ብርድ ሲነካኝ ጣቶቼ ነጭ ይሆናሉ፤ ቆይተው ይጠቁራሉ፣ ሲሞቁም ይቀላሉ። በቅርቡ የእጄ ቆዳ መጠንከርና የጣቶቼ መገጣጠሚያዎች ማበጥ ስለጀመሩ ሐኪሜ የጣቶቼ የደም ዝውውር በአልትራሳውንድ እንዲታይ አዘዋል። መሣሪያው እንዲህ የቀጠኑ የደም ሥሮችን ያሳያል? ውጤቱ «የደም ፍሰት አልታየም» ቢልስ ጣቴ ደም አጥቷል ማለት ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ በብርድ ጣት ቀለሙን የሚቀያይርበት ሁኔታ ሬይኖ ይባላል። ብቻውን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ጉዳት አያስከትልም፤ የቆዳ መጠንከር ሲጨመርበት ግን የደም ሥሮችን ግድግዳ እያወፈረ የሚያጠብ፣ ስክሌሮደርማን የመሰለ በሽታ መኖር አለመኖሩ መጣራት ስላለበት ሐኪምዎ ምርመራውን ማዘዛቸው ተገቢ ነው።

በጣት ግራና ቀኝ የሚያልፉት ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ስፋታቸው 1 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከቆዳ ሥር ቅርብ ላሉ አካላት ተብሎ የተሠራ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው መመርመሪያ በደንብ ያሳያቸዋል። ፓወር ዶፕለር የተባለው ስልት ደግሞ ዝግ ያለ ፍሰትን ጭምር ስለሚይዝ፣ ባበጠው መገጣጠሚያዎ ሽፋን ውስጥ በብግነት የበዛ ደም መኖሩን ያሳያል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 3 ባለው ደረጃ ይገለጻል። ስፋታቸው 10 ማይክሮሜትር (የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ) ገደማ የሆነው ካፒላሪዎች፣ ማለትም ከሁሉም የቀጠኑት የደም ሥሮች ግን በዚህ መንገድ አንድ በአንድ አይለዩም፤ እነርሱ በጥፍር ሥር ባለው ቆዳ ላይ በማጉያ መሣሪያ ይታያሉ። ስለዚህ አንዱ ምርመራ ሌላውን አይተካም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ፍሰት አለመታየቱ ብቻውን የደም ሥሩ ተዘግቷል አያሰኝም። እጅ ከቀዘቀዘ ሥሩ ይኮማተራል፤ መርማሪው መመርመሪያውን ትንሽ ጫን ካደረገው ቀጭኑ ቧንቧ ይጨፈለቃል፤ መሣሪያው ለፈጣን ፍሰት ተስተካክሎ ከሆነም ዝግተኛው ሳይታይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ጥንቁቅ መርማሪ ጄሉን ወፍራም አድርጎ ይቀባል፣ መመርመሪያውንም ቆዳውን ሳይጫን በጄሉ ላይ ብቻ ያሳርፋል። እጅ ከሞቀ በኋላ ምርመራውን መድገምም ብዙ ይረዳል፤ ፍሰቱ ከተመለሰ ችግሩ በዋናነት መኮማተር መሆኑን ያመለክታል፣ ካልተመለሰ ግን የቧንቧው ግድግዳ ራሱ መጥበቡ ይጠረጠራል።

ከምርመራው በፊት እጅዎን ያሙቁ፣ ሲጋራ አያጭሱ፤ የሕመም ማስታገሻ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለመርማሪው ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ። የጣትዎ ጫፍ ከቆሰለ ወይም ከሞቀም በኋላ ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ።