ከመክፈልሽ በፊት የሞተሩን ክዳን አስከፍቺ

እህቴ፣ ሻጩ «4 የፈረስ ጉልበት ነው» ብሎ ከሌላው በግማሽ ዋጋ ያቀረበልሽ ትሬድሚል (የቤት ውስጥ መሮጫ ማሽን) ደህና መሆኑን በምን ልወቅ ብለሽ ጠይቀሻል። ቤትሽ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው። አንቺ ወክ ብቻ ታደርጊያለሽ፣ 95 ኪሎ የሚመዝነው ባለቤትሽ ደግሞ ይሮጥበታል። ጂም ውስጥ ማሽን ስጠግን ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያቺን 4 ቁጥር እርሻት። ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ሞተሩ ለቅጽበት የሚደርስበት ከፍተኛ ጉልበት ነው። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ነው። 1 የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው፤ 4 ሲሆን ወደ 3,000 ዋት ይጠጋል። ይህን ለማግኘት በ220 ቮልት ከ13 አምፔር በላይ መሳብ አለበት። የማሽኑ መሰኪያ ላይ 10 አምፔር ተጽፎ ካየሽ ነገሩ ወሬ ነው።

ትክክለኛው ቁጥር ሞተሩ ላይ አለ። ማሽኑ ከሶኬት ይነቀልና ሻጩ የፊቱን የፕላስቲክ ክዳን ይክፈትልሽ፤ ጥቂት ብሎን ነው። ሞተሩ ላይ ቮልትና አምፔር ተጽፏል። ሁለቱን አባዢና ለ746 አካፍዪ። 180 ቮልት፣ 7 አምፔር ቢል 1,260 ዋት ነው፤ ማለትም 1.7 የፈረስ ጉልበት አካባቢ። ለአንቺ ወክ ይበቃል። ለባለቤትሽ ሩጫ ግን ያንሳል፤ ለሱ ከ2.5 ባይወርድ ጥሩ ነው። ሻጩ ክዳኑን ለመክፈት ካንገራገረ እኔ ብሆን ትቼው እሄዳለሁ።

ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ። ሰው ማሽን ሲሞክር ፍጥነቱን መጨመር ይወዳል። ደካማ ሞተር የሚጋለጠው ግን በዝግታ ነው። በሰዓት 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ላይ አድርጉትና እግሩን ጫን እያደረገ ይራመድ። እግሩ ባረፈ ቁጥር ቤልቱ (የሚረገጠው ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ) ያዝ ለቀቅ ካደረገው ወይ ሞተሩ አቅም የለውም፣ ወይ ቤልቱ ላልቷል፣ ወይ ከሥሩ ያለው ጣውላ ቅባቱ ደርቋል። ከዚያ ይሩጥ። ቋሚዎቹ የሚወዛወዙ ከሆነ ይቅርባችሁ። «እስከ 120 ኪሎ ይችላል» ተብሎ ራሱ 30 ኪሎ የማይሞላ ማሽን አላምንም። ከተጻፈው ላይ 20 ኪሎ ቀንሰሽ አስቢ።

ሜትር አትርሺ። ለወክ 40 በ110 ሳንቲ ሜትር ቤልት ያስኬዳል። ለሩጫ ግን ወደ 50 በ130 ቢሆን ይሻላል፤ ረጅም ሰው ከሆነ ደግሞ 140። ሰው ማሽኑ ላይ ሲወጣ ከፍ እንደሚልም አስቢ፤ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር እንዳይተዋወቅ!

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ቆሞ ሳለ እጅሽን ከቤልቱ ሥር አስገቢ። ለስለስ ያለ ቅባት ከነካሽ ደህና ነው። ደረቅ ከሆነ በሲሊኮን ዘይት ይስተካከላል። ጣውላው ተፍቆ ሻካራ ከሆነ ግን ዘይት አያድነውም። የደረቀ ጣውላ ሞተሩ ብዙ ከረንት እንዲስብ ያደርገዋል፤ በመጨረሻ ሞተሩን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይቃጠላል። ቤልቱ ትንሽ ወደ ጎን መሄዱ አያስፈራሽ፤ ከኋላ ባሉት ሁለት ብሎኖች ይስተካከላል። ጠርዙ ተበጣጥሶ ከሆነ ግን ለረጅም ጊዜ ሲፋተግ ኖሯል ማለት ነው።

ዋስትና ላይ ሻጮች ስለ ሞተሩ ማውራት ይወዳሉ። እኔ ያየሁት ብልሽት ግን አብዛኛው ቦርድ ነው፤ የኛ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ስለዚህ «ቦርዱ ቢቃጠል መለዋወጫው እናንተ ጋር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ «እናስመጣለን» ከሆነ ዋጋው ላይ ተከራከሪ። ተጠቅመሽ ስትጨርሺ ሁልጊዜ ከሶኬት ንቀዪው።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ጀርባውን አንብቢ። 110 ወይም 120 ቮልት ካለ ትልቅ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ለላፕቶፕ የምትገዢው ዓይነት አይችለውም። ዋጋውንና ድምፁን አስቢበት። እኔ ባለ 220ውን እመርጣለሁ።

ጎረቤትን የሚረብሸው ከሞተሩ ይልቅ የእግር ዱካ ነው። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ከሥሩ አንጥፊ። በተረፈ ልጆች ካሉ ቀዩን የደህንነት ቁልፍ ነቅለሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ። ቁልፉ ሲነቀል የማይቆም ማሽን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ።

የሞተሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልን፣ አብረን እናየዋለን።