ማርሽ ለሚለቅባችሁ፦ የደሴ መካኒክ የመለሰው ጥያቄ

ዛሬ ማታ ስለ አሮጌ መኪና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ጠይቁኝ። የመኪናውን ዓይነት፣ የትኛው ማርሽ እንደሚለቅ (ከገባበት በራሱ እንደሚወጣ)፣ ሲለቅ ነዳጅ እየሰጣችሁ ይሁን እግራችሁን አንስታችሁ ጻፉ። ሦስቱ ከሌሉ መልስ የለኝም።

ባለ ቮልስ፦ ጋሼ፣ እንዴት አመሹ? በፈረንጅ 1967 የተሠራች ቮልስ አለችኝ። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ በሦስተኛ እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ ትለቃለች። ካምቢዮው ይፈታ ተባልኩ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። አይፈታ! ውጩ ሳይታይ ካምቢዮ አይፈታም። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ አንድ ላይ ሆነው በጎማ ሱፖርቶ (ደጋፊ) ላይ ነው የተቀመጡት፤ ማርሹን የሚገፋው ረጅም ዘንግ ግን በቦዲው ውስጥ ነው የሚያልፈው። የፊት ሱፖርቶው ከተቀደደ እግርህን ስታነሳ ካምቢዮው ይንቀሳቀሳል፣ ዘንጉ ባለበት ይቀራል፣ ማርሹ ተስቦ ይወጣል። የኋላ ወንበሩን አንሳና ሥሩ ያለችውን ትንሽ ክዳን ክፈት፤ የዘንጉን መጋጠሚያና ቦኮላዎቹን (ማቀፊያዎቹን) ታገኛለህ።

ከዚያ ቦሩ ሜዳ መንገድ ላይ ውጣ። በሦስተኛ ነዳጅ ስጥ፣ አንሳ፣ ስጥ፣ አንሳ። መቀየሪያውን አትንካ፣ አብሮህ ያለው ሰው ይየው። ወዲያ ወዲህ እየሄደ ቆይቶ ከለቀቀ ጥፋቱ ከውጭ ነው። ጸጥ ብሎ ቆሞ ድንገት ከዘለለ ከውስጥ ነው። መቀየሪያውን በእጅ ደግፎ መንዳት ደግሞ ፎርኬታውን (ውስጥ ያለውን ማርሽ የሚገፋ ሹካ) ይበላዋል፣ እንዳታደርገው።

ስሙን ያልጻፈ፦ ማርሽ ያስቸግረኛል፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሦስቱን ነገሮች ጻፍ።

ባለ ላዳ፦ ሦስተኛም አራተኛም ይለቃሉ። አንደኛና ሁለተኛ ደህና ናቸው።

መልስ፦ ሦስተኛና አራተኛን የሚገፋው አንድ ፎርኬታ ነው፤ ሁለቱ አብረው ከታመሙ እዚያው መስመር ላይ ፈልግ። በካምቢዮው ጎን አንዲት ክዳን አለች፣ ሥሯ ሦስት ሞላና ሦስት የብረት ኳስ። ሞላው ደክሞ እንደሆነ እይ። የኋላ ማርሹ ሞላ ከሁለቱ ይለያልና እንዳታቀያይራቸው። ይህም ካምቢዮ ሳይወርድ የሚታይ ነው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ከለቀቀ አይቀር ሐረጎን በፎሌ (ማርሽ ሳናስገባ) ብንወርድስ? ነዳጅም ይቆጥባል።

ባለ ሲኖትራክ፦ ወንድሜ፣ በፎሌ ወርዶ ፍሬን የነደደበትን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ የአንተ ጭነት ነው። ለትንሽ መኪና ምን አለው?

ባለ ሲኖትራክ፦ ገደሉ ትንሽ ትልቅ ይለያል እንዴ?

መልስ፦ በፎሌ አይወረድም! የምትቆጥበው ጠብታ ነው። ሦስተኛ ከለቀቀባችሁ በሁለተኛ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዛችሁ። ካልቻለ መኪናዋ ትቁም።

ባለ ፔጆ፦ ፔጆ 404 ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጭኜ ስወጣ ሁለተኛ ብቻ ይለቃል፣ ነዳጅ እየሰጠሁ።

መልስ፦ የ404 መቀየሪያ መሪው ሥር ስለሆነ መጀመሪያ መገጣጠሚያዎቹን እይ፤ ካረጁ ማርሹ ሙሉ አይገባም። እነሱ ደህና ከሆኑ ግን የአንተ ከውስጥ ነው፤ አንድ ማርሽ ብቻ በጭነት ሲለቅ ጥርሱን ነው የምጠረጥረው። ደህና ጥርስ ጫፉ ሰፋ፣ ሥሩ ጠበብ ያለ ነው፤ ኃይል ሲመጣበት ተንሸራታቹን ቀለበት ወደ ራሱ ይስባል። ጫፉ ከዶለዶመ ያው ኃይል መልሶ ይገፋዋል። ካምቢዮው ሲፈታ የአውራ ጣትህን ጥፍር በጥርሱ ጎን ከሥር ወደ ጫፍ ጎትት። ጥፍርህን ከያዘው ደህና ነው፣ ሸርተት ካለ አልቋል። ቀለበቱንና ማርሹን አብረህ ቀይር፤ አንዱን ብቻ አዲስ ካደረግህ አሮጌው ይበላዋል። ፍሪሲዮን ሙሉ ሳይረገጥ ማርሽ ማስገባት ነው ለዚህ የሚያደርሰው።

ሌላ አባል፦ ወፍራም ዘይት ብንጨምርስ?

መልስ፦ ድምፅ ይቀንስ ይሆናል፣ የተበላ ጥርስ አይመልስም። ለቮልስ ደረጃው ጂኤል 4 የሆነ 80ደብልዩ 90 የካምቢዮ ዘይት፣ 2.5 ሊትር። ለባለ አራት ማርሽ ላዳ 1.35 ሊትር። ጂኤል 5 የሲንክሮውን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስማማውን ቀለበት) ነሐስ ሊጎዳ ስለሚችል እኔ አልጨምርም።

አዲስ አባል፦ ኦቶማቲክስ?

መልስ፦ አልሠራም። የሚሠራውን ጠይቅ።

ሌላ አዲስ አባል፦ ቮልስ፣ ሦስተኛ ይለቃል።

መልስ፦ ከላይ ጽፌያለሁ፣ አንብብ።

ባለ ቮልስ፦ ጋሼ፣ አሁን በባትሪ ወንበሩን አንስቼ አየሁት። የመጋጠሚያው ቡሎን በጣቴ ዞረ። ሽቦም የለውም።

መልስ፦ ያ ቡሎን በሽቦ መታሰር ነበረበት፤ አንድ ሰው ፈትቶት ሳያስረው ሄዷል። ሹል ጫፉ ዘንጉ ላይ ካለው ጎድጓዳ መግባቱን በዓይንህ አረጋግጥ፣ አጥብቀው፣ ሽቦ እሰርበት። ሱፖርቶውንም ሳታይ አትለፍ። ጠዋት ቦሩ ሜዳ ሞክራትና ጻፍልኝ።